ከግጭት በኋላ የሚጎድለው የመኪና ዋጋ የማን ዕዳ ነው?

መኪና ተጋጭቶ ሲጠገን ሁሉም ሰው «ስንት አስወጣ?» ብሎ ይጠይቃል። ሁለተኛው ጥያቄ ግን ብዙ ጊዜ አይነሣም፤ የሚነሣውም መኪናው ሊሸጥ ገዢ ፊት ከቆመ በኋላ ነው። ባትላሜራው የቱንም ያህል ባለሙያ ቢሆን፣ ፓራፋንጎው በአዲስ ቢቀየርና ቀለሙ ከፋብሪካው ባይለይ እንኳ፣ ተጋጭቶ የተጠገነ መኪናና ያልተነካ መኪና ገበያ ላይ እኩል ዋጋ አያወጡም። አዲስ አበባ ውስጥ ደላላው በሩን በጣቱ መታ መታ አድርጎ «ይህ ቀለም ተነክቷል» ካለ ዋጋው ወዲያው ይወርዳል። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ ጣትም አያስፈልግም። ገዢው የመኪናውን የሻንሲ ቁጥር ይዞ ካርፋክስን ከመሳሰሉ ድርጅቶች የመኪናውን ታሪክ ይገዛል፤ ሪፖርት የተደረገ ግጭት ካለም ከነቀኑ ያነበዋል።

እንግዲህ ይህ የጎደለ ዋጋ በአንድ ሰው ላይ መውደቁ አይቀርም። ወይ ባለ መኪናው፣ ወይ የገጨው ሰው፣ ወይም ነገሩን ሳያውቅ የሚገዛው ሦስተኛ ሰው ይሸከመዋል። ባሕር ማዶ በተለይም አሜሪካ የሚኖሩ ብዙ ወንድሞቻችን በታክሲና በመሰል የመኪና ሥራ ቤተሰብ ያስተዳድራሉ፤ እዚህ አገር ያለውንም ዘመድ ይረዳሉ። ስለዚህ ጉዳዩን ከሸሪዓውም ከአገሩ ሕግም አንጻር መመልከቱ ተገቢ ሆኖ አግኝተነዋል።

የረጠበው እህልና የተሰበረው ሳሕን

ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) በአንድ የእህል ክምር አጠገብ ሲያልፉ እጃቸውን ወደ ክምሩ ውስጥ አስገቡ፤ ጣቶቻቸውንም እርጥበት ነካቸው። ሻጩን ቢጠይቁት ዝናብ እንደመታው ነገራቸው። እርሳቸውም ሰዎች እንዲያዩት እርጥቡን ለምን ከላይ እንዳላደረገው ጠየቁት፤ የሚያታልል ሰውም ከእርሳቸው እንዳልሆነ አስታወቁ። ይህን አቡ ሁረይራ (ረ.ዐ.) አስተላልፈውታል፤ ኢማም ሙስሊም ዘግበውታል። እዚህ ላይ አንድ ነገር እናስተውል። እህሉን ያረጠበው ሻጩ አልነበረም፤ ዝናቡ ነበር። ጥፋቱ የእርሱ አለመሆኑ ግን ከመናገር ግዴታ ነፃ አላወጣውም። መኪናውን ሌላ ሰው የገጨበት ባለንብረትም ልክ እንዲሁ ነው። ግጭቱ በእርሱ ጥፋት አልደረሰም፤ ለገዢው መንገር ግን የእርሱ ግዴታ ነው።

ታዲያ እውነቱን የተናገረ ሰው ከስሮ ይቅር ማለት ነው? አይደለም። አነስ (ረ.ዐ.) ያስተላለፉትንና ቡኻሪ የዘገቡትን የሳሕኑን ታሪክ እናስታውስ። ከነቢዩ ባለቤቶች አንዷ እርሳቸው ወደነበሩበት ወደ ሌላዋ ባለቤታቸው ቤት ምግብ በሳሕን ላከች። የቤቱ እመቤት የአገልጋዩን እጅ ብትመታው ሳሕኑ ወድቆ ተሰበረ። ነቢዩ ስብርባሪውንና ምግቡን በእጃቸው ሰበሰቡ። አገልጋዩንም ደህና ሳሕን እስኪመጣ አቆይተው፣ ደህናውን ሳሕኗ ለተሰበረባት ላኩላት፤ የተሰበረውን ሳሕኑ በተሰበረበት ቤት አስቀሩት።

የተጠገነ ዕቃ አይረባም ማለታችን አይደለም። የነቢዩ መጠጫ ዋንጫ ራሱ ተሰንጥቆ በብር ተጠግኖ እንደነበር እዚያው ቡኻሪ ላይ ይገኛል። ነገር ግን ሳሕኗ ለተሰበረባት የተላከላት ተጠግኖ የመጣ ሳሕን አልነበረም። የፊቅህ ሊቃውንትም በደህናው ዕቃ ዋጋና ጉድለት በገባበት ዕቃ ዋጋ መካከል ያለውን ልዩነት «አርሽ» ብለው ይጠሩታል። በጥፋቱ የሰውን ንብረት ዋጋ ያጎደለ ሰው ጉድለቱን መተካት እንዳለበትም በሰፊው ጽፈዋል። እንግዲህ «ጥገናውን ከከፈልኩህ ሌላ ምን ትፈልጋለህ?» የሚለው ንግግር በሸሪዓው ሚዛን ሙሉ መልስ አይሆንም።

የጆርጂያው ፍርድ

አሜሪካ ውስጥ በዚህ ጉዳይ ስሙ ደጋግሞ የሚነሣው ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባት አትላንታ የምትገኝበት የጆርጂያ ግዛት ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 የግዛቲቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሜብሪ ከስቴት ፋርም ጋር በተከራከሩበት ጉዳይ ውሳኔ ሰጠ። በውሳኔው መሠረት ኢንሹራንሱ የራሱን ደንበኛ መኪና ሲያስጠግን ከጥገናው በተጨማሪ የጎደለውን የመሸጫ ዋጋ ገምቶ መክፈል አለበት። በአብዛኞቹ ግዛቶች ግን ይህን ገንዘብ መጠየቅ የሚቻለው ከገጪው ወገን ኢንሹራንስ እንጂ ከራስ ኢንሹራንስ አይደለም።

ከዚያው ክርክር የወጣና «17ሲ» ተብሎ የሚጠራ ስሌት አለ። የመኪናው ዋጋ 20,000 ዶላር ነው እንበል። በስሌቱ መነሻው የዚህ 10 በመቶ፣ ማለትም 2,000 ዶላር ነው። ጉዳቱ መካከለኛ ከሆነ በ0.50 ይባዛል፤ 1,000 ይሆናል። መኪናው 45,000 ማይል ከሄደ እንደገና በ0.60 ይባዛና 600 ዶላር ይቀራል። 100,000 ማይል ያለፈ መኪና በዜሮ ስለሚባዛ ምንም አይደርሰውም። ለሥራ የሚነዳ መኪና በጥቂት ዓመታት ውስጥ እዚያ መድረሱን ስናስብ፣ ይህ ስሌት ማንን እንደሚጎዳ ግልጽ ነው። ገበያው ግን በዜሮ አያባዛም፤ ብዙ ማይል የሄደ መኪናም ሲጋጭ ዋጋው ይወርዳል። ደግሞም ይህ ስሌት የኢንሹራንሶች መነሻ ሐሳብ እንጂ ሕግ አይደለም። ባለ መኪናው ከገለልተኛ ገማች ወይም ከመኪና ነጋዴዎች የጽሑፍ ግምት አምጥቶ መከራከር ይችላል። ካልተስማሙ ጆርጂያ ውስጥ እስከ 15,000 ዶላር የሚደርስ ክርክር በማጅስትሬት ፍርድ ቤት ያለ ጠበቃ ይታያል።

በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ለሚኖሩት ደግሞ ሌላ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በእነዚህ ቦታዎች ባለው ሕግ አንድ አሽከርካሪ ለግጭቱ ጥቂትም ቢሆን የራሱ ጥፋት ካለበት ከሌላው አሽከርካሪ ምንም ላያገኝ ይችላል። በጆርጂያ ግን ጥፋቱ ከግማሽ በታች ከሆነ በድርሻው ልክ ተቀንሶ ይከፈለዋል። ጊዜውም ይለያያል። የንብረት ጉዳት ክስ በዲሲና በሜሪላንድ በ3 ዓመት፣ በጆርጂያ በ4፣ በቨርጂኒያ በ5 ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት። ከሁሉ በላይ የሚጎዳው ግን የፊርማ ችኮላ ነው። ኢንሹራንሱ ከቼኩ ጋር የሚልከው ወረቀት «ከዚህ በኋላ ምንም ጥያቄ የለኝም» የሚል ከሆነ፣ ፊርማው የጎደለውን ዋጋ የመጠየቅ መብትንም ይዞት ይሄዳል። እንግሊዝኛውን አጥርቶ የማያነብ ወንድም ልጁንም ቢሆን አስነብቦ ይፈርም።

«የኢንሹራንስ ገንዘብ አይደለም ወይ?»

ይህን ጥያቄ ጥንቁቅ የሆኑ ወንድሞችና እኅቶች ያነሡታል፤ ማንሣታቸውም ያስመሰግናቸዋል። ጂዳ የሚገኘው ዓለም አቀፉ የፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1985 ባሳለፈው ውሳኔ፣ በቋሚ ክፍያ የሚሠራው የንግድ ኢንሹራንስ ከባድ ገረር ያለበት በመሆኑ አይፈቀድም ብሏል፤ በትብብር ላይ የተመሠረተውን በአማራጭነት አቅርቧል። የተገጨ ሰው ጥያቄ ግን መልኩ ሌላ ነው። እርሱ ከገጪው ኢንሹራንስ ጋር ውል የለውም። ሐቁ ያለው በገጪው ሰው ላይ ነው፤ ድርጅቱ ስለዚያ ሰው ሆኖ ይከፍላል። ከራስ ኢንሹራንስ መጠየቅ ግን ከዚህ የተለየ ስለሆነ እያንዳንዱ ሰው የሚያምነውን ዓሊም ይጠይቅ እንላለን።

ሐቅን መጠየቅ የተፈቀደ ቢሆንም ወሰን አለው። ከዚህ በፊት ተገጭቶ የነበረን ጎን አሁን እንደተገጨ አድርጎ ማቅረብ፣ ወይም ገማቹን «ትንሽ ከፍ አድርግልኝ» ማለት የሰው ገንዘብ መብላት ነው። ከዚህ የባሰውም አለ፤ የጎደለውን ዋጋ ከኢንሹራንስ ተቀብሎ መኪናውን «ያልተነካ ነው» ብሎ በሙሉ ዋጋ የሚሸጥ ሰው አለ። ይህ ሰው ለአንድ ጉድለት ሁለት ጊዜ ተከፍሎታል፤ ሁለተኛውን የከፈለው ምንም ያላጠፋ ገዢ ነው። የገጨው ሰው ደግሞ ኢንሹራንስ የሌለው ችግረኛ ቢሆን፣ የተቸገረን ባለ ዕዳ እንድንታገሠው፣ ብንምረው ደግሞ የተሻለ እንደሆነ ቁርኣን በሱረቱል በቀራህ ያስተምረናል። ምሕረት ግን የባለ ሐቁ ስጦታ ነው፤ ኢንሹራንሱ ባለ ሐቁን ወክሎ የሚምረው ነገር የለም።

በአገራችን ጉዳዩ ገና ብዙም አልተለመደም። ይሁን እንጂ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ካሣው ከደረሰው ጉዳት ጋር እኩል እንዲሆን ይደነግጋል፤ የተሽከርካሪ ባለቤትም መኪናው ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊ ነው። የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ የሚከፍለው በሕግ እስከተወሰነ ጣሪያ ድረስ ብቻ ስለሆነ፣ ከዚያ የተረፈው ከባለቤቱ የሚጠየቅ ይሆናል።

እዚህም ሆነ እዚያ የሚያስፈልገው ማስረጃ አንድ ዓይነት ነው። መኪናው ጋራዥ ከመግባቱ በፊት ከየአቅጣጫው ፎቶ ይነሣ፤ የፖሊስ ሪፖርቱ፣ የተቀየሩ ዕቃዎች ዝርዝርና የጥገናው ደረሰኝ በአንድ ፋይል ይቀመጡ። መኪናው የሚሸጥበት ቀን ሲደርስም ያው ፋይል ከቁልፉ ጋር ለገዢው ይሰጣል።