ሹመት በጥድፊያ፥ ሽረት በጥድፊያ

በአገራችን ልማድ አንድ ሰው ለሥራ በተሾመ ጊዜ ወዳጅ ዘመዱ ቤቱ ድረስ ሄዶ «ሹመት ያዳብር» ይለዋል። ቃሉ አጭር ቢሆንም ምሥጢሩ ሰፊ ነው። ሹመት የሚዳብረው በጊዜ ነውና፥ መራቂው ለተሿሚው የሚለምንለት ሥልጣኑን ብቻ ሳይሆን ሥራውን ሠርቶ የሚያሳይበትን ዕድሜም ጭምር ነው። ዛሬ በኤውሮጳ ታላላቅ የእግር ኳስ ክለቦች አሠልጣኝ ሆኖ ለሚሾም ሰው ግን ይህን ምርቃት የሚመርቅለት ያለ አይመስልም። የሹመቱ ወሬ ሳይበርድ የሽረቱ ወሬ ይከተላል።

የሩቁን ትተን ከቅርቡ እንጀምር። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልን። አውስትራሊያዊው አሠልጣኝ አንጅ ፖስቴኮግሉ ቶተንሃም ሆትስፐር የተባለውን የለንደን ክለብ እየመሩ፥ በሜይ 21 ቀን 2025 ዓ.ም. ማንችስተር ዩናይትድን 1 ለ 0 አሸንፈው የኤውሮጳ ሊግን ዋንጫ አነሡ። ክለቡ ዋንጫ ካየ 17 ዓመት ሆኖት ነበርና ደጋፊው እጅግ ተደሰተ። ሆኖም ክለቡ በአገር ውስጡ ውድድር ከ20 ክለቦች 17ኛ ሆኖ ስለ ጨረሰ፥ ከድሉ 16 ቀን በኋላ አሠልጣኙ ተሰናበቱ። በሴፕቴምበር 9 ቀን ኖቲንግሃም ፎረስት የተባለው ክለብ ሾማቸው፤ በኦክቶበር 18 ቀን በቼልሲ 3 ለ 0 ሲሸነፉ፥ ጨዋታው ካለቀ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ሻራቸው። በሥራው ላይ የቈዩት 39 ቀን ነው። በዚያው ዓመት በጀርመን አገር ባየር ሌቨርኩሰን የተባለው ክለብ ኤሪክ ቴን ሃግን ሾሞ፥ በአገሪቱ ሊግ 2 ጨዋታ ብቻ ካጫወቱ በኋላ አሰናብቷቸዋል።

ይህ ነገር የኳስ ወዳጆችን ብቻ የሚመለከት መስሎ የሚታየው ሰው ቢኖር ተሳስቷል። መሥሪያ ቤት የሚመራ ሹም፥ መደብሩን ወይም የንግድ ወኪልነቱን ለሌላ ሰው የሚያስረክብ ነጋዴ፥ ሁሉም አንድ ቀን ይኸው ጥያቄ ይገጥመዋል። ይኸውም፦ ለሾምሁት ሰው ምን ያህል ጊዜ ልስጠው? ጊዜ ብነፍገው ሥራው ሳይበስል ይቀራል፤ ጊዜ ባበዛለትና ሰውየው የማይረባ ቢሆን ግን ገንዘቤም ስሜም ይጠፋል። የኳስ ክለቦች ይህን ጥያቄ በአደባባይ፥ በየሳምንቱ፥ በቍጥር እየተመዘኑ ስለሚመልሱት ከእነርሱ የምንማረው አለ።

በመጀመሪያ የባለ ንብረቶቹን ጥድፊያ ምክንያት ሳንመረምር ብንፈርድባቸው ፍርዳችን ትክክል አይሆንም። በእንግሊዝ አገር ፕሪሚየር ሊግ የተባለው ውድድር በ1992 ዓ.ም. ሲጀመር ጨዋታውን በቴሌቪዥን ለማሳየት የተደረገው ውል ለ5 ዓመት 304 ሚሊዮን ፓውንድ ነው ተብሎ በዚያን ጊዜ እንደ ተአምር ተወርቶለት ነበር። ከ2016 እስከ 2019 ዓ.ም. ለነበሩት 3 ዓመታት ግን በአገር ውስጥ ብቻ የተሸጠው የማሳያ መብት 5 ቢሊዮን ከ136 ሚሊዮን ፓውንድ አወጣ። ከዚህ ገንዘብ የሚካፈሉት 20 ክለቦች ሲሆኑ፥ በየዓመቱ መጨረሻ የሆኑት 3ቱ ወደ ታችኛው ዲቪዚዮን ይወርዳሉ። የወረደ ክለብ የተጫዋቾቹ ደመወዝ ሳይቀልለት ገቢው ይጐድልበታል። በከፍታው ያሉት ደግሞ በአንድ ደረጃ ልዩነት ከኤውሮጳው የሻምፒዮኖች ውድድርና ከገቢው ሊቀሩ ይችላሉ። እንግዲህ 38 ጨዋታ ባለበት ዓመት 5 ጊዜ በተከታታይ መሸነፍ ለባለ ንብረቱ ምን ያህል የሚያስደነግጥ እንደ ሆነ፥ ዕቃው በባሕር ላይ ሳለ የገበያው ዋጋ የወረደበት ነጋዴ ሳይነገረው ያውቀዋል።

ሁለተኛው ምክንያት የሥራው አመቺነት ነው። ተጫዋቾች መግዛትና መሸጥ የሚፈቀደው በዓመት በተወሰኑ 2 ወቅቶች ብቻ ነው፤ በአንዱ ሳምንት 25 ተጫዋቾችን መለወጥ አይቻልም። ባለ ንብረቱ ራሱን አይሽርም፤ ደጋፊውንም አያሰናብትም። በአንድ ቀን ሊለወጥ የሚችለው አንድ ሰው አሠልጣኙ ብቻ ነው። ስለዚህ ጥፋቱ የማንም ይሁን የማን ቅጣቱ የሚወድቀው በእርሱ ላይ ነው።

ለመሆኑ ሽረቱ ይጠቅማልን? ባስ ቴር ዌል የተባሉት የኔዘርላንድ የኢኮኖሚ ምሁር በ2011 ዓ.ም. ባወጡት ጥናት፥ ከ1986 እስከ 2004 ዓ.ም. በአገራቸው ከፍተኛ ዲቪዚዮን የተደረገውን ሁሉ መርምረው ነበር። አሠልጣኙን የሻረ ክለብ ከሽረቱ በኋላ ውጤቱ ሻል ማለቱ እውነት ሆኖ ተገኘ። ነገር ግን እንዲሁ ወድቀው ሳለ አሠልጣኛቸውን ያልሻሩት ክለቦች ሲታዩ፥ የእነርሱም ውጤት በዚያው መጠን ሻል ብሎ ተገኘ። ምክንያቱን ለማስተዋል አይከብድም። ክለብ አሠልጣኙን የሚሽረው ከልማዱ ይልቅ እጅግ በከፋበት ሰዓት ነው፤ እጅግ የከፋ ነገር ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ወደ ልማዱ ይመለሳል። ትኵሳት ሊለቀው በተቃረበበት ቀን ሐኪም የለወጠ በሽተኛ ምስጋናውን ለአዲሱ ሐኪም እንደሚሰጥ ሁሉ፥ ክለቡም ምስጋናውን ለአዲሱ አሠልጣኝ ይሰጣል።

ስለ ትዕግሥት ሲነገር ሁልጊዜ የሚጠቀሱት ሰር አሌክስ ፈርጉሰን ናቸው። ታሪካቸው በአፍ ሲነገር ስለሚያጥር እኛ ዘርዘር አድርገን እናቅርበው። ፈርጉሰን ማንችስተር ዩናይትድን የተረከቡት በኖቬምበር 1986 ዓ.ም. ነበር። በመጀመሪያው ዓመት ክለቡ 11ኛ፥ በሁለተኛው 2ኛ፥ በሦስተኛው እንደ ገና 11ኛ ሆነ። በ1989 ዓ.ም. ለተጫዋቾች ብዙ ገንዘብ ፈሰሰ፤ ጋሪ ፓሊስተር ለተባለው ተከላካይ ብቻ 2 ሚሊዮን ከ300 ሺህ ፓውንድ ተከፈለ። ይህን ያህል ወጪ ከተደረገ በኋላ ቡድኑ በሴፕቴምበር በከተማው ተቀናቃኝ በማንችስተር ሲቲ 5 ለ 1 ተዋረደ። በዲሴምበር በገዛ ሜዳው በክሪስታል ፓላስ 2 ለ 1 ሲሸነፍ፥ ሦስት ዓመት ምክንያት መስማት በቃን የሚል ጽሑፍ ያለበት ጨርቅ በደጋፊው መካከል ተዘረጋ። ጋዜጦቹ የሽረቱን ቀን ይቈጥሩ ጀመር።

በጃንዋሪ 7 ቀን 1990 ዓ.ም. በኖቲንግሃም ከተማ በተደረገው የዋንጫ ግጥሚያ ማርክ ሮቢንስ የተባለ ወጣት 1 ጐል አግብቶ ክለቡን ለድል አበቃው። በሜይ ወርም ክለቡ ክሪስታል ፓላስን በመጀመሪያ 3 ለ 3 ተለያይቶ፥ በድጋሚው ጨዋታ 1 ለ 0 አሸንፎ የእንግሊዝን ማኅበር ዋንጫ ወሰደ። ከዚያ በኋላ ያለውን ዓለም ያውቀዋል፤ በ1993 ዓ.ም. ክለቡ ለ26 ዓመት ያጣውን የሊግ ሻምፒዮንነት አገኘ፤ ፈርጉሰንም በ2013 ዓ.ም. በፈቃዳቸው እስኪሰናበቱ ድረስ 13 ጊዜ የሊጉን፥ 2 ጊዜም የኤውሮጳን ሻምፒዮንነት አግኝተዋል።

ተራኪው ሁሉ «በአንድ ጐል ዳኑ» ይላል። የክለቡ ሊቀ መንበር የነበሩት ማርቲን ኤድዋርድስ ግን በዚያ ቀን ቢሸነፉም ፈርጉሰንን የመሻር ሐሳብ እንዳልነበራቸው ደጋግመው ተናግረዋል። ይህ ቃል ከጐሉ ይልቅ ሊመረመር የሚገባው ነው። አስተዳደሩ የታገሠው በየዋህነት ወይም በቸልታ አልነበረም። በውጤቱ ሰንጠረዥ ላይ ያልተጻፈ፥ በዓይን ግን የሚታይ ሥራ ነበር። ፈርጉሰን ወጣት ተጫዋቾችን የሚፈልጉ ሰዎች ቍጥር አብዝተው ነበር፤ ራያን ጊግስ የተባለውን ልጅ በ1987 ዓ.ም. ገና በ14 ዓመቱ አስገብተውታል። ቤካምና ጋሪ ኔቪል የነበሩበት የወጣቶች ቡድንም በ1992 ዓ.ም. የአገሪቱን የወጣቶች ዋንጫ ወስዷል። ቡና የተከለ ሰው በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ፍሬ ባይለቅምም፥ ችግኙ መጽደቁንና አለመጽደቁን ግን ማሳው ውስጥ ገብቶ ያያል። የማንችስተር ሹማምንት ያደረጉት ይህንኑ ነው።

ይሁን እንጂ ሌላውን ወገን ደብቀን ብናልፍ አንባቢን ማታለል ይሆንብናል። ሩሲያዊው ባለ ጸጋ ሮማን አብራሞቪች በ2003 ዓ.ም. ቼልሲን ከገዙ በኋላ አሠልጣኝ በመሻር የሚተካከላቸው አልነበረም። አቭራም ግራንት በ2008 ዓ.ም. በኤውሮጳው ፍጻሜ በቅጣት ምት ብቻ ተሸንፈው ተሻሩ። ካርሎ አንቸሎቲ 2 ዋንጫ ባነሡ በዓመቱ፥ በ2011 ዓ.ም. የመጨረሻው ጨዋታ ባለቀበት ቀን ተሰናበቱ። ነገር ግን ይኸው ክለብ በአብራሞቪች ዘመን 5 ጊዜ የሊጉ፥ 2 ጊዜ የኤውሮጳ ሻምፒዮን ሆኗል። ከዚህም የሚያስደንቀው ሁለቱም የኤውሮጳ ዋንጫዎች የተገኙት በዓመቱ አጋማሽ በተተኩ አሠልጣኞች እጅ መሆኑ ነው፤ የ2012ቱ በሮቤርቶ ዲ ማቴዎ፥ የ2021ዱ በቶማስ ቱኽል። ዲ ማቴዎ ግን ዋንጫውን ካነሡ ከ6 ወር በኋላ ተሻሩ።

እንግዲህ ጥድፊያም ዋንጫ ያመጣል ማለት ነው። ነገር ግን በምን ዋጋ? ባለ ንብረቱ በ2022 ዓ.ም. ክለቡን ሲለቁ የተዉለት ብድር 1 ቢሊዮን ከ500 ሚሊዮን ፓውንድ ያህል ነበር። አንቶኒዮ ኮንቴ የተባሉት አሠልጣኝ ከነረዳቶቻቸው ሲሰናበቱ ብቻ ካሣውና የክርክሩ ወጪ ከ26 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ደርሷል። ይህን መንገድ ሊከተል የሚችለው ኪሱ ጥልቅ የሆነ ሰው ነው። በተመጠነ ካፒታል የሚነግድ ሰው የባለ ጸጋውን አካሄድ ቢከተል፥ ዋንጫውን ሳያገኝ ዕዳውን ብቻ ይወርሳል።

ከሁሉ የከፋው ግን ጥድፊያውም ትዕግሥቱም በቅጡ ያልታሰበበት ሲሆን ነው። ለዚህ ምስክሩ ደግሞ ያው የትዕግሥት ምሳሌ የነበረው ማንችስተር ዩናይትድ ነው። ፈርጉሰን እንደ ተሰናበቱ ዴቪድ ሞይስ የ6 ዓመት ውል ተሰጣቸው፤ በ10 ወራቸው ተሻሩ። ሉዊ ቫን ሃል በ2016 ዓ.ም. የማኅበሩን ዋንጫ ባነሡ በ2ኛው ቀን ተሰናበቱ። ዦዜ ሞሪኞ በ2018 ዓ.ም. ሲሄዱ ክለቡ 19 ሚሊዮን ከ600 ሺህ ፓውንድ ከፈለ። ቀደም ብለን ያነሣናቸው ኤሪክ ቴን ሃግ ደግሞ በ2024 ዓ.ም. የማኅበሩን ዋንጫ ስለ ወሰዱ በጁላይ ውላቸው ታደሰላቸው፤ በኦክቶበር ግን ተሻሩ፤ ይህም ሽረት 10 ሚሊዮን ከ400 ሺህ ፓውንድ አስወጣ። በጁላይ የታመነበት ሰው በኦክቶበር የማይታመንበት ከሆነ፥ የጐደለው የአሠልጣኙ ችሎታ ነው ወይስ የሿሚው ማስተዋል? አባቶቻችን «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ያሉት ለእንዲህ ያለው ነው። ክለቡም ከ2013 ዓ.ም. በኋላ እስከ 2025 ዓ.ም. የሊጉ ሻምፒዮን ሳይሆን ቀርቷል።

የእኛም አካባቢ ይህን ትምህርት የሚያውቅበት ታሪክ አለው። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ቡድን በ1957 ዓ.ም. በካርቱም በተደረገው በመጀመሪያው የአፍሪቃ ዋንጫ ፍጻሜ በግብጽ 4 ለ 0 ተሸነፈ፤ በ1959 ዓ.ም. በካይሮ እንደ ገና 4 ለ 0 ተሸነፈ፤ በሱዳንም 1 ለ 0 ተረታ። ተጫዋቾቹ እንደ ዛሬዎቹ በሚሊዮን የሚሸጡ አልነበሩም፤ ሽንፈቱ ግን ያው ሽንፈት ነበር። በጃንዋሪ 1962 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በተደረገው ፍጻሜ፥ ቡድኑ በአቶ ይድነቃቸው ተሰማ መሪነትና የአስመራው ተወላጅ ሉቻኖ ቫሳሎ አምበል በሆነበት፥ ያንኑ ተቀናቃኝ በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፎ ዋንጫውን ተቀበለ። ከ1957ቱ ውርደት እስከዚህ ቀን 5 ዓመት ገደማ ሆኖት ነበር።

ከዚህ ሁሉ የምናገኘው ምክር «ሁልጊዜ ታገሥ» የሚል አይደለም፤ የማይረባን ሰው መታገሥ ሌላውን መበደል ነውና። ምክሩ ሿሚው ከሹመቱ በፊት ሦስት ነገር ይወስን የሚል ነው። አንደኛ፥ ከተሿሚው የሚጠብቀው ሥራ ምን እንደ ሆነ በግልጥ ይንገረው፤ ዘንድሮ ዋንጫ የሚፈልግና ከ5 ዓመት በኋላ የሚቆም ቡድን የሚፈልግ ሰው አንድን አሠልጣኝ አይመርጡም። ሁለተኛ፥ ውጤቱ ሳይመጣ ሥራው መልካም መሆኑን የሚያሳየው ምልክት ምን እንደ ሆነ አስቀድሞ ይለይ፤ ይህ ካልተለየ የሚፈርደው ማስተዋል ሳይሆን የደጋፊው ጩኸት ይሆናል። ሦስተኛ፥ ቢሽር የሚከፍለውን ዋጋ ገና ሲሾም በመዝገቡ ላይ ያስፍር።

እነዚህን ሦስት ነገሮች የወሰነ ሰው መሻር ቢያስፈልገው ያለ ጸጸት ይሽራል፤ መታገሥ ቢያስፈልገውም ያለ ፍርሃት ይታገሣል። «ሹመት ያዳብር» ማለት የወዳጅ ፈንታ ነው፤ እንዲዳብር ማድረግ ግን የሿሚው ሥራ ነው።