የስሜን አፈር ያለውና የጎደለው

ከደባርቅ ወደ ሊማሊሞ ሲወረድ የሚታየው ጥቁር ገደል ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከምድር ሆድ ገንፍሎ የረጋ ባዛልት ነው። በክብደት ትልቁን ድርሻ የሚይዘው ኦክስጅን ነው፤ ሲሊከን ይከተለዋል፤ ከዚያ አሉሚኒየም፣ ብረት፣ ካልሲየምና ማግኒዥየም አሉበት። እነዚህ ሁሉ ንጥረ ነገሮች ናቸው፤ በምንም ኬሚካዊ ዘዴ ወደ ሌላ ቀለል ያለ ነገር አይበተኑም። እስከ ዛሬ የታወቁት 118 ሲሆኑ ማንነታቸውን የሚወስነው በአቶማቸው እምብርት ያለው የፕሮቶን ቁጥር ነው፤ 26 ከሆነ ብረት፣ 53 ከሆነ አዮዲን።

አብዛኞቹ ብረት አስተኔዎች ናቸው፤ ያብረቀርቃሉ፣ ይቀጠቀጣሉ፣ ኤሌክትሮናቸውን ለመስጠት አይሳሱም። ኦክስጅን፣ ካርቦን፣ ድኝና ክሎሪን ያሉበት የኢብረት አስተኔዎች ወገን ደግሞ መቀበል ወይም መጋራት ይቀናዋል። በጎንደርና በስሜን ማረሻና ማጭድ በመሥራት የታወቁት ቤተ እስራኤላውያን ባለእጆች ሙያቸው በዚህ ልዩነት ላይ የቆመ ነበር። የብረት ድንጋይ በከሰል የሚቀልጠው ካርቦን ኦክስጅኑን ስለሚነጥቅለት ነው፤ ማረሻው ዝናብ ላይ ሲያድር ያው ኦክስጅን ተመልሶ ዝገት ይሆንበታል። ሲሊከን ከሁለቱ ወገን መሐል ይቆማል። በገጠር ጣሪያ ላይ ያለው ሶላርም የሚሠራው ከእሱ ነው።

ሩሲያዊው ሜንዴሌቭ እ.ኤ.አ. በ1869 ጠባያቸው የሚመሳሰለውን ንጥረ ነገሮች አሰልፎ፣ ላልተገኙትም ክፍት ቦታ ትቶ ሠንጠረዡን አወጣ። ንጥረ ነገሮችን በላቲን ፊደል ምልክት መጻፉ ቀድሞ ከስዊድናዊው ቤርሴሊየስ የመጣ ነው። ተማሪ የሚደናገረው ብረት ኤፍ ኢ፣ ሶዲየም ኤን ኤ፣ ፖታሲየም ኬ ሲባል ነው፤ ምልክቶቹ ፌሩም፣ ናትሪየምና ካሊየም ከሚሉ የላቲን ስሞች ተወስደዋል። ሁሉንም በቃል ማስሸምደድ ግን ከንቱ ልፋት ይመስለኛል፤ ወገኑን ያወቀ ጠባዩን ይገምታል።

ለዚህ ጨው ይበቃል። ሶዲየም ውኃ ሲነካው የሚነድ ብረት አስተኔ፣ ክሎሪን መርዛም ጋዝ ነው፤ አንዱ ሰጥቶ ሌላው ሲቀበል ወጥ ውስጥ የምንጨምረው ይሆናሉ። ክሎሪን ካለበት ከሃሎጅኖች ዓምድ ዝቅ ብሎ አዮዲን ይገኛል፤ ምልክቱ አይ ነው። ፈረንሳዊው ኩርቷ እ.ኤ.አ. በ1811 ያገኘው ከባሕር አረም አመድ ነበር። አዮዲን ከደጋ አፈር በዝናብና በጎርፍ እየታጠበ ወደ ባሕር ይሄዳል፤ ስሜንን የመሰለ ተዳፋት አገር ደግሞ አፈሩን ሲያጣ ኖሯል።

አዋቂ ሰው በቀን የሚያስፈልገው 150 ማይክሮግራም አዮዲን ብቻ ነው። እሱ ሲጎድል አንገት ላይ ያለው የታይሮይድ ዕጢ ያብጣል፤ እንቅርት ይሆናል። ከሚታየው እብጠት ይልቅ የማይታየው ይከፋል፤ በእርግዝና ጊዜ ከጎደለ የፅንሱን አእምሮ ይጎዳል። በዳባት ወረዳ ተማሪዎች ላይ የተደረገ ጥናት እንቅርትን አዮዲን ከሌለው ጨው፣ ከድህነትና ዓይነቱ ካነሰ ምግብ ጋር አያይዞታል። ኢትዮጵያ ለምግብ የሚውል ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲኖረው በደንብ የደነገገችው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው፤ የአፍዴራም ጨው አዮዲን ተጨምሮበት ይሸጣል። ይሁንና አዮዲን ፀሐይ፣ እርጥበትና እሳት አይወድም፤ ጨው ተከድኖ ጥላ ውስጥ መቀመጥ፣ ወጥ ላይም መጨረሻ መግባት አለበት።