ብብቴ ሥር ያበጠው ምን ነበር?

ሪያድ፣ ዐዚዚያ ሰፈር ስሠራ አንድ ቀን ዓሣ ሳጸዳ እሾሁ ጣቴን ወጋኝ። ከምንም ሳልቆጥረው በዚያው እጄ በረኪና እየነካሁ ሥራዬን ቀጠልኩ። በሦስተኛው ቀን ብብቴ ሥር ባቄላ የሚያህል ነገር አብጦ እጄን ማንሳት አቃተኝ። ካንሰር ነው ብዬ ሳለቅስ አደርኩ። አብራኝ የምትሠራው ልጅ ግን «ንፍፊት ነው፤ ይልቅ ጣትሽን እዪው» አለችኝ። እውነቷን ነበር።

እህቶቼ፣ ጣት ቆስሎ ብብት የሚያብጠው እንዲህ ነው። አንገታችን፣ ብብታችን፣ ብሽሽታችንና ሆዳችን ውስጥ በመቶዎች የሚቆጠሩ ትናንሽ የሊምፍ ዕጢዎች አሉ። ከእጃችን የሚነሳው ሊምፍ የሚባል ፈሳሽ በቀጫጭን ቧንቧዎች ሄዶ በብብት ዕጢዎች ተጣርቶ ነው ወደ ደም የሚመለሰው።

የሠራሁበት ቤት፣ እንደምታውቁት፣ የወንዶቹ መጅሊስ ለብቻ የሴቶቹም ለብቻ ነበር። ዕጢውም ክፍል አለው። ዳር ዳሩን ቢ ሴሎች፣ ከእነሱ ወደ ውስጥ ቲ ሴሎች ይቀመጣሉ። ከቁስሉ የጀርሙን ቁራጭ ይዞ የሚመጣ መልእክተኛ ሴል ለቲ ሴሎቹ ያሳያል። ያንን ጀርም ለይተው የሚያውቁት ከብዙዎቹ ጥቂቶች ብቻ ናቸው። በመላ ሰውነት ተበታትነው ቢቀሩ መገናኘታቸው ጭንቅ ነበር፤ አንድ ቤት ውስጥ ስለሚመላለሱ ግን ይገኛሉ፣ ይባዛሉ። ከዚያ በሁለቱ ክፍሎች ድንበር ላይ ቢ ሴሎችን ያግዛሉ፤ ቢ ሴሎቹም ጀርሙን የሚይዝ አንቲቦዲ ያመርታሉ። እንግዳ የበዛበት ቤት እንደሚጠብ ሁሉ ዕጢውም ያኔ ያብጣል።

ይህ ቤት የሚሠራው ገና በእናታችን ማኅፀን ሳለን ነው። ስንወለድ ግን ጭር ያለ ነው። ቢ ሴሎች የሚሠለጥኑበት ቦታ የሚደራጀው ሕፃኑ ከጀርምና ከክትባት ጋር ሲተዋወቅ ነው። የኮሮና ክትባት ስንወስድ የአንዳንዶቻችን ብብት ያበጠውም ሥልጠናው ስለተጀመረ ነበር።

ሁሉም እብጠት ግን እንደ እኔው በራሱ አይጠፋም። አንዲት እህት አንገቷ ላይ ወራት ያስቆጠረ እብጠት በሻሽ ሸፍና መጣች። «ስለማያመኝ ዝም አልኩት» አለችኝ። የዕጢ ቲቢ ሆኖ ተገኘ፤ በአገራችን ከሳንባ ውጪ ከሚታየው ቲቢ ብዙውን ጊዜ የሚያጋጥመው ይኸው ነው። ባክቴሪያው ዕጢው ውስጥ ይመሽጋል፤ ሴሎቹ ይከቡታል እንጂ አይጨርሱትም። መሃሉ እንደ አይብ ይሆንና ቆዳ በስቶ ሊፈስ ይችላል። እሷን ያስጨነቃት የምታሳድገው ሕፃን ነበር። ቲቢው ዕጢ ላይ ብቻ ከሆነ በትንፋሽ አይተላለፍም፤ ሳንባ ግን መታየት አለበት። ሕክምናው አብዛኛውን ጊዜ የ6 ወር መድኃኒት ነው፤ አገር ቤት በመንግሥት ጤና ጣቢያ በነፃ ይሰጣል።

ስለዚህ እብጠቱን አትጭመቁት፤ በጋለ ብረት አታስተኩሱት፤ በምላጭም አታስነኩት። ከሦስት ሳምንት በላይ ከቆየ፣ እየጠነከረ ከሄደ፣ ወይም ከሌሊት ላብና ከመክሳት ጋር ከመጣ ሐኪም ይየው። ከቁስሉ ተነስቶ ክንድ ላይ የሚወጣ ቀይ መስመር ከትኩሳት ጋር ካያችሁ ግን የዚያኑ ዕለት ታከሙ። የሳዑዲ ጤና ሚኒስቴር ስልክ 937 ነው። ለማዳም ቦታውን በጣታችሁ እያሳያችሁ «ፊ ወረም ሂና» በሏት፤ «እዚህ ጋ እብጠት አለ» ማለት ነው።