የነሱ ብር

የእህቴ ልጅ የቅበላ ደብዳቤዋንና አንድ ባለመስመር ደብተር ይዛ ባለፈው እሑድ ቤቴ መጣች። ወደ ህንድ፣ ፑኔ ከተማ ልትሄድ ነው። እኔም እ.ኤ.አ. በ2016 ለሁለተኛ ዲግሪዬ የሄድኩት እዚያው ነበር። ቡናው ሳይቀርብ ደብተሯን ገለጠችና «ጋሼ፣ አንድ ሩፒ ስንት ብር ነው?» አለችኝ።

እኔም ስሄድ ያንኑ ነበር የጠየቅኩት፤ መልሱንም በቃሌ ይዤ ተሳፈርኩ። ያኔ አንድ ዶላር 22 ብር ያህል ነበር፣ በነሱ ደግሞ 67 ሩፒ ገደማ። ስለዚህ አንድ ብር ሦስት ሩፒ ይገዛል ማለት ነው። ይህችን ሒሳብ እንደ ስንቅ ይዣት ሄድኩ። ሱቅ ገብቼ ዋጋ ባየሁ ቁጥር ለሦስት እያካፈልኩ «ርካሽ ነው» እል ነበር። ጫማው በኛ ዋጋ ርካሽ፣ ምሳው ርካሽ፣ ባለሦስት እግሩ ታክሲም ርካሽ። ሦስተኛው ወር ላይ ለአምስት ወር ያሰብኩት ገንዘብ አለቀ። ጎረቤቴ የነበረ የማሃራሽትራ ግዛት ገጠር ልጅ እኔ በሦስት ወር ባጠፋሁት ገንዘብ ግማሹን ዓመት ሲማርበት አየሁ። እሱ ሩፒን በሩፒ ነበር የሚያውቃት። እኔ የማውቃት በብር ነበር።

አባቴ ግን የጠየቀኝ ሌላ ነገር ነበር። ደጀን አካባቢ ገበሬ ነው፤ ለጉዞዬ ሁለት ሰንጋ ሸጧል። ልነሳ ስል ማታ እሳት ዳር ተቀምጠን፣ «ልጄ፣ በነሱ ብር አንድ ኩንታል እህል ስንት ያወጣል? የቀን ሠራተኛስ ስንት ነው የሚከፈለው?» አለኝ። አላውቅም ነበር። ምንዛሪውን ነገርኩት። ዝም ብሎ ሰማኝና «እሱማ የመሸኛው ዋጋ ነው፤ የመኖሪያውን ነው የጠየቅኩህ» አለ። የአንድን አገር ገንዘብ ስለማወቅ ከዚያ ወዲህ ያነበብኩትም የኖርኩትም ከዚህ የአባቴ ጥያቄ አልፎ አያውቅም።

አባቴ የየትኛውንም አገር ገንዘብ «የነሱ ብር» ነው የሚለው። በአነጋገሩ ውስጥ ያለውን እውነት የተረዳሁት በኋላ ነው። «ብር» ማለት መጀመሪያ ማዕድኑ ነው፤ አያቶቻችን የሚቀበሉት የማርያ ትሬዛ ጠገራ ብር 28 ግራም ያህል ይመዝን ነበር። «ሩፒ»ም ከሳንስክሪት የመጣ ቃል ሲሆን ሥሩ ከብር ማዕድን ጋር የተያያዘ ነው። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሼር ሻህ ሱሪ የተባለው ገዥ 11 ግራም ተኩል ገደማ የሚመዝን የብር ሳንቲም አስመትቶ ሩፒያ አለው፤ ስሙ እስከዛሬ ዘለቀ። ሁለት ሕዝቦች ተራርቀው እየኖሩ ገንዘባቸውን በአንድ ማዕድን ጠሩት።

ወደ ቁጥሩ ልምጣ፤ ብዙ ተማሪ የሚደናገረው እዚህ ላይ ነው። የትምህርት ክፍያዬን በስልክ ስጠይቅ የቢሮው ሰው «ዋን ላክ ትዌንቲ ታውዘንድ» አለኝ። መስመሩ ይቆራረጣል። የአማርኛ ጆሮዬ «ላክ» የሚለውን ትእዛዝ ሰማ፤ «ሃያ ሺህ ላክ» ያለኝ መሰለኝ። ያን ሌሊት ቤተሰቡ በሙሉ በሃያ ሺህ ሩፒ ተደስቶ አደረ። በማግስቱ በኢሜይል የመጣው ወረቀት ላይ የተጻፈው 1,20,000 ነበር። ኮማዋ ቦታዋን ስታለችና የጽሕፈት ስሕተት ነው ብዬ ደግሜ ደወልኩ። ስሕተት አልነበረም። «ላክ» ማለት መቶ ሺህ ነው።

ህንዶች ትልልቅ ቁጥሮችን እንደኛ በሺህና በሚሊዮን አይቆጥሩም። ከሺህ ቀጥሎ ላክ አለ፣ መቶ ሺህ፤ መቶ ላክ ደግሞ አንድ ክሮር ነው፣ 10 ሚሊዮን ማለት ነው። ኮማም ከመጨረሻዎቹ ሦስት አሃዞች በኋላ በየሁለት አሃዙ ትገባለች። ስለዚህ 1,20,000 ያየ ሰው መቶ ሃያ ሺህ ብሎ ያንብብ። 2,50,00,000 ካየ ደግሞ ሁለት ክሮር ተኩል ነው፣ 25 ሚሊዮን። በቄስ ትምህርት ቤት ፊደል ለቆጠረ ሰው ነገሩ እንግዳ ሊሆን አይገባም ነበር። በግዕዝ ቁጥር ከ፻ ቀጥሎ ራሱን የቻለ ምልክት ያለው ፼ ነው፣ እልፍ፤ መቶ ጊዜ መቶ። ላክን አሥር እልፍ፣ ክሮርን ሺህ እልፍ ብዬ ከያዝኩ በኋላ የክፍያ ወረቀት ሳነብ ተሳስቼ አላውቅም። የእህቴ ልጅ ደብተር የመጀመሪያ ገጽ ላይ የጻፍነውም ይህንኑ ነው።

ወደ ፑኔ በማልፍበት ሙምባይ አየር ማረፊያ ስደርስ መመንዘሪያ መስኮቱ ላይ ሁለት ዓምድ ያለው ሰሌዳ ተሰቅሏል፤ መግዣና መሸጫ። ዓይኔ ያረፈው ትልቁ ቁጥር ላይ ነበር። ሰሌዳው የሚናገረው ግን በመንዛሪው አፍ ነው። ለእህቴ ልጅ እንደነገርኳት፣ «መግዣ» ማለት እሱ ያንቺን ዶላር የሚገዛበት ነው፤ ሁልጊዜም ትንሹ ቁጥር እሱ ነው። በ61 ገዛኝ፣ ገበያው 67 ሆኖ ሳለ። ሦስት መቶ ዶላር መነዘርኩ፤ አንድ ሺህ ስምንት መቶ ሩፒ እዚያው መስኮት ላይ ቀረ። በማግስቱ ሻይ በ10 ሩፒ ጠጣሁ። የቀረብኝ ገንዘብ 180 ስኒ ሻይ መሆኑን ያን ጊዜ ነው ያወቅኩት፤ እንዲህ በሻይ ስቆጥረው ነው ሕመሙ የተሰማኝ። አንዷን የመቶ ዶላር ኖት ደግሞ ጠርዟ ላይ የእስክሪብቶ ጭረት አለባት ብለው አልተቀበሉኝም። ስለዚህ አየር ማረፊያ ላይ ለመኪናና ለአንድ ሌሊት ማደሪያ የሚበቃውን ብቻ መመንዘር ነው፤ ዶላሩም ንጹሕና ያልታጠፈ ይሁን። ደረሰኙን መጣል የለብሽም። ስትመለሺ የተረፈሽን ሩፒ ወደ ዶላር መልሰሽ የምትቀይሪው እሱን አሳይተሽ ነው። ከ5,000 ዶላር በላይ በጥሬው የያዘ መንገደኛ ደግሞ ሲገባ ለጉምሩክ በቅጽ ማስታወቅ ይኖርበታል። ብር ይዞ መሄድ አይጠቅምም፤ ፑኔ ውስጥ ብርን የሚመነዝር አላገኘሁም።

የዛሬዎቹ ኖቶች በቀለም ይለያሉ። አሥሩ ቡናማ፣ ሃምሳው ሰማያዊ፣ መቶው ፈዛዛ ወይን ጠጅ፣ ሁለት መቶው ደማቅ ቢጫ፣ አምስት መቶው ግራጫ ነው። ሁሉም ላይ ማህተመ ጋንዲ አለ፤ ዋጋውም በ17 ቋንቋ ተጽፏል። የተቀደደ ወይም በፕላስተር የተጣበቀ ኖት ባለታክሲው አይቀበልሽም፤ ስለዚህ አንቺም መልስ ስትቀበዪ ገልጠሽ እዪ። ዝርዝር ሁልጊዜ ይጠፋል። ሱቆቻችን በሳንቲም ፈንታ ማስቲካ እንደሚሰጡት እነሱም ከረሜላ ይሰጣሉ።

ቁጥሩንና ምንዛሪውን እንደምንም ተላምጄው ነበር። ጥቅምት 29 ቀን 2009 ግን፣ በነሱ ኖቬምበር 8 ቀን 2016፣ ሌላ ነገር መጣ።

ማክሰኞ ነበር። የመንግሥት ምዝገባዬና የባንክ ወረቀቴ ገና ስላላለቀ ከቤተሰብ የመጣልኝ የሁለተኛው መንፈቅ ገንዘብ፣ 27,500 ሩፒ፣ ሻንጣዬ ውስጥ ነበር። ለመያዝ ይቀላል ብዬ ሁሉንም በአምስት መቶና በሺህ ኖት አድርጌዋለሁ። ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ምድር ቤት ያሉት አከራያችን ጠሩን። ጠቅላይ ሚኒስትር ናሬንድራ ሞዲ በቴሌቪዥን እየተናገሩ ነው። ሂንዲውን ስላልተከታተልኩት የሰውየውን ፊት ነበር የማየው። ከዚያ ንግግሩ በእንግሊዝኛ ቀጠለ፤ ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ የ500 እና የ1,000 ሩፒ ኖቶች ሕጋዊ ገንዘብነታቸው ይቀራል። የቀረን አራት ሰዓት ነው። እነዚያ ሁለት ኖቶች በአገሪቱ ከሚዘዋወረው ገንዘብ በዋጋ 86 በመቶውን ይይዙ ነበር፤ ከኔ ግን ሁሉንም ማለት ይቻላል። ኪሴን ስፈትሽ 130 ሩፒ በትንንሽ ኖት አገኘሁ።

በማግስቱ ባንኮች ዝግ ነበሩ። ሐሙስ ሲከፈቱ ገና ሳይነጋ ተሰለፍኩ። ከፊቴ የቆሙት አሮጊት በቀሚሳቸው ጫፍ የቋጠሯትን አራት ኖት በየጥቂት ደቂቃው እየፈቱ ይቆጥሯት ነበር፤ እናቴ በመቀነቷ እንደምትቋጥረው ነው። ለአንድ ሰው የሚቀየረው 4,000 ሩፒ ብቻ ነው፣ ያውም መታወቂያ ታይቶ። ከቀናት በኋላ ሁለተኛ እንዳይመለስ ተብሎ የሰው ጣት በቀለም ይነከር ጀመር፤ እንደ ምርጫ። ተራዬ ደርሶ አዲሱን የ2,000 ሩፒ ኖት ሁለት ፍሬ ተቀበልኩ። ሐምራዊ፣ ገና ቀለሙ የሚሸት ነበር። ይዤው ወጣሁና ቫዳ ፓቭ የሚሉትን የአሥራ አምስት ሩፒ መክሰስ ልገዛ ብል ማንም መልስ የለውም። አራት ሺህ ሩፒ ይዤ ሳልበላ ዋልኩ።

ያበሉኝ በሰፈሩ ጥግ ያሉ የእህል ሱቅ ባለቤት ናቸው። ሽማግሌ ናቸው። ሐምራዊውን ኖት ሳሳያቸው ገፋ አደረጉትና ከጠረጴዛቸው ሥር የዱቤ ደብተር አውጥተው ስሜን በነሱ ፊደል ጻፉ። ሩዝ፣ ምስር፣ ዘይትና እንቁላል እየወሰድኩ ሦስት ሳምንት ኖርኩ። የዱቤው ደብተር ሰፈራችን ካለው ሱቅ ደብተር ምንም አይለይም፤ ሲከፈል ስሙ ላይ መስመር ይሰመርበታል። ሂሳብ ከፈትኩና የቀረውን ገንዘብ አስገባሁ፤ ገደቡ ዲሴምበር 30 ነበር። ለሽማግሌው ሁለት ኪሎ ቡና ከኢትዮጵያ አስመጥቼ ሰጠኋቸው፤ ውለታቸውን ግን አልከፈልኩትም።

በየካቲት ላይ አንዲት የሺህ ሩፒ ኖት ከስታትስቲክስ መጽሐፌ ውስጥ ወደቀች። ጊዜዋ አልፏል። እስከ ዛሬ አለችኝ።

መስከረም 4 ቀን 2013 የኛ መንግሥት የ10፣ የ50 እና የ100 ብር ኖቶች እንዲቀየሩና አዲስ የ200 ብር ኖት እንዲወጣ ሲያስታውቅ ሰፈሩ ሲደናገጥ እኔ ወደ ሻንጣዬ አልሮጥኩም፤ ለመቀየሪያ ጊዜ ተሰጥቶናል፣ ገንዘቤም ባንክ ነበር። ይህን ልማድ ያስያዘችኝ ያቺ ማክሰኞ ናት። ለእህቴ ልጅም የማላወላውልበት ምክሬ ይህ ነው። እንደደረሰች፣ ስድስት ወር የሚያልፍ ቪዛ የያዘ ሰው በ14 ቀን ውስጥ የሚያደርገውን የውጭ ዜጋ ምዝገባ ትጨርስ፣ ስልክ ታውጣ፣ ወዲያው ሂሳብ ትክፈት። ዛሬ ሂሳብ የሌለው ተማሪ ከኔም ጊዜ ይልቅ ይቸገራል። ዩፒአይ የተባለው የስልክ ክፍያ በዚያው እ.ኤ.አ. በ2016 ሥራ ጀመረና አሁን ሻይ ሻጩም ጋሪው ላይ የኪውአር ኮድ ወረቀት ለጥፏል። እኛ በቴሌብር እንደምናደርገው ነው፤ ግን በአብዛኛው ከባንክ ሂሳብ ጋር ይያያዛል። ያ ሐምራዊ የ2,000 ኖት ራሱ በሜይ 2023 ከገበያ እንዲሰበሰብ ታውጇል። ማንም ያንን ኖት ቢሰጣት አትቀበል።

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄዋ ልመለስ። እኔ ስሄድ አንድ ብር ሦስት ሩፒ ይገዛ ነበር። በኛ አቆጣጠር ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሔራዊ ባንክ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲፈቅድ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በቀናት ውስጥ ከ100 አለፈ፤ ሩፒው ግን በዶላር እዚያው 84 አካባቢ ነበር። አንድ ሩፒ ከአንድ ብር በላይ ሆነች ማለት ነው። የኔን የድሮ ሒሳብ ይዛ ብትሄድ ኖሮ ሁሉም ነገር ተገልብጦ ይጠብቃት ነበር። ደግሞ በብርና በሩፒ መካከል ዶላር አለ። ቤተሰቦቿ ብሩን ወደ ዶላር፣ እሷ ዶላሩን ወደ ሩፒ ሲለውጡ ሁለት ጊዜ መግዣና መሸጫ መካከል ያልፋሉ። ለእህቴ ያሳሰብኳት የመጀመሪያውን ነው፤ የቤተሰቡ ገቢ በብር ነውና ብር ሲወርድ ልጅቷ አንድ ሩፒ ሳትጨምር ወጪዋ ይጨምራል።

«ታዲያ ምን ልጻፍ?» አለችኝ፤ ምንዛሪውን በእርሳስ ጻፊው አልኳት። በእስክሪብቶ የምትጽፈውን እዚያ ካለች ተማሪ በስልክ ጠየቅን። የሻይ፣ የከተማ አውቶቡስ፣ የአንድ ገጽ ፎቶ ኮፒ፣ የኪሎ ሩዝና የኪሎ ምስር፣ የክፍል ኪራይ ድርሻ። ሁሉንም በሩፒ ጻፈችው። ከጎኑ ለብር የከፈተችውን ዓምድ ባዶ ተወችው።

ማታ አባቴ ጋ ደወልን። ዕድሜው ገፍቷል፣ ስልኩን ከጆሮው እያራቀ ነው የሚናገረው። «አባባ፣ አንድ ኪሎ ሩዝ በነሱ ብር ስንት እንደሆነ ልንገርህ?» አለችና አነበበችለት። በመቶ አባዝቶ ኩንታሉን አወጣው። ትንሽ ቆየና «የቀን ሠራተኛውስ?» አለ። ደብተሯን አገላበጠች፤ አልጻፈችውም። እስክሪብቶውን አነሳችና ወደዚያችው ተማሪ እንደገና ደወለች።