እናት ሆና የምትጫወት ልጅ

የኢትዮጵያ ቴአትር በተጀመረ ሰሞን የእናትን፣ የሙሽራን፣ የንግሥትን ቦታ የሚጫወቱት ወንዶች ነበሩ። ሻሽ አስረው፣ ቀሚስ አጥልቀው፣ ድምፃቸውን አቅጥነው። ሴት ጠፍታ አልነበረም፤ መድረክ ላይ የወጣች ሴት ስሟ ከነቤተሰቧ ስለሚነሣ ነው። በ1940ዎቹ አጋማሽ ይህን ልማድ የሰበረችው አስናቀች ወርቁ ናት፤ የመጀመሪያዋ የአገራችን ተዋናይት እየተባለች የምትጠራው።

ስለ እሷ እንድጽፍ ያደረገኝ ግን እዚህ ወረታ ያጋጠመኝ ነገር ነው። አማርኛ አስተምራለሁ፤ የትምህርት ቤታችንን የድራማ ክበብም እመራለሁ። ኅዳር ላይ ልምምድ ስንጀምር የእናትነቱን ቦታ የያዘችው አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ነበረች። ወገቧን ይዛ ስትራገም ክፍሉ በሳቅ ይፈርሳል፤ ልጇን ጎርፍ ሲወስድባት ደግሞ ትንፋሽ አይሰማም። የርብና የጉማራ ሙላት ምን እንደሚያደርግ እዚህ የማያውቅ የለማ!

በሦስተኛው ሳምንት ቀረች። ቤቷ ስሄድ እናቷ ደጅ ላይ ሩዝ በሰፌድ ያበጥራሉ።

«መምህር፣ ልጄን አዝማሪ ሊያደርጉብኝ ነው?» አሉኝ።

ክፉ ሴት አይደሉም። ፎገራ ላይ በጥር ሠርግ ማሲንቆ ያልገባበት ዳስ ብዙ አይገኝም። ለአዝማሪዋ ግንባሯ ላይ ብር የሚለጥፍላት ሁሉ ግን «ለልጅህ ትሁንህ» ቢሉት ይደነግጣል። ክበባችን ውስጥ ያሉት ወንዶች ይባስ ብለው «ሻሽ አስረን እኛው እንጫወተዋለን» አሉኝ። ሰባ ዓመት ወደ ኋላ!

ለእናቲቱ ስለ አስናቀች ነገርኳቸው። እናቷን በልጅነቷ ያጣች የአዲስ አበባ ልጅ ነበረች። ክራር መምታትን ራሷን በራሷ አስተማረች። በ1948 ዓ.ም. የተከፈተው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር፣ ለብዙ ዓመታት የሠራችበት ቤት ነው። በዘመኑ «አዝማሪ» ማለት ስድብ ነበር፤ እሷ ደግሞ ትወናውንም ክራሩንም ደርባ ያዘች፤ አንዱንም አልደበቀችም።

ዛሬ ስሟ ሲነሣ ሰው የሚያስታውሰው ክራሯን ነው። ዘፈኖቿ በሸክላ ቀርተዋል፤ በፈረንሣይ የሚታተመው «ኢትዮጲክስ» የተባለው ተከታታይ አልበምም 16ኛ ቅጹን ለእሷ ብቻ ሰጥቷል። መስከረም 2004 ካረፈች በኋላም ራሔል ሳሙኤል «አስኒ» የሚል ዘጋቢ ፊልም ሠርታላታለች። የወጣትነት ትወናዋ ግን ካዩት ሰዎች ዓይን ውጭ የት አለ? መጋረጃው ሲዘጋ አብሮ ተዘጋ። እኔን የሚቆጨኝ ይሄ ነው። ለዘፋኟ አስናቀች የምናጨበጭበውን ያህል ለተዋናይቷ አላጨበጨብንም፤ መንገዱን ለሴት ልጆች የከፈተችው ደግሞ ተዋናይቷ ናት።

እናቲቱ ሰፌዳቸውን ሳያስቀምጡ ሰሙኝ። ሲጨርሱ የጠየቁኝ ስለ ዝና አልነበረም።

«ደመወዝ ነበራት?»

«ነበራት እንጂ እትዬ! የቴአትር ቤት ተቀጣሪ ነበረች።»

ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያ ቅድመ ሁኔታቸውን ደረደሩ፦ ልምምዱ በቀን ይሁን፣ ላሚቱ ከመታለቧ በፊት ልጅቱ ቤት ትግባ፣ ታናሽ ወንድሟም አብሯት ይምጣ። ተስማማን።

ድራማው የሚታየው የካቲት ላይ ነው። ባለፈው ቅዳሜ ገበያ ላይ አግኝተውኝ ጎተት አደረጉኝና በጆሮዬ ጠየቁኝ። ልጃቸው በድራማው ውስጥ ትሞታለች ወይስ አትሞትም? የምትሞት ከሆነ አይመጡም። አትሞትም አልኳቸው።