ፊደላችን በመንገድ ላይ ለምን ይጠፋል?

በቅርቡ ከመካከላችን ጥቂቶቹ መርካቶ ሰባተኛ ወርደን ሳለ፣ በርበሬ የሚነግዱ አንዲት እናት ስልካቸውን አውጥተው «ልጆቼ፣ እናንተ ተምራችኋልና እስቲ ይህን አንብቡልኝ» አሉን። ተቀብለን ብናየው የጥያቄ ምልክት ተደርድሮበታል፤ በመካከሉ 500 እና 15 የሚሉ ቁጥሮች ብቻ ይታያሉ። እሳቸው ቁጥሩን አይተው 500 ብር የገባላቸው መስሏቸው ነበር። ሄደን ብንጠይቅ ግን መልእክቱ ካበደራቸው ማኅበር የተላከ ሆኖ፣ እስከ ወሩ 15 ቀን 500 ብር ይክፈሉ የሚል ነበር። ቀኑ አልፏል፤ ቅጣትም ተጨምሮባቸዋል። ዩኒቨርሲቲ ገብተናል የምንለው እኛም ማንበብ ተስኖን ቆመን ቀረን።

ነገሩ እንዴት ሊሆን ቻለ? አንድ አጭር መልእክት የሚይዘው 140 ባይት፣ ማለት 1,120 ቢት ብቻ ነው። ለላቲን ፊደል ሰባት ሰባት ቢት ስለሚበቃ 160 ፊደል ይገባል። የእኛ ፊደል ግን በዚያ ጠባብ ሠንጠረዥ ውስጥ የለም። የሚገኘው በ1999 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ቁጥር በተሰጠው በዩኒኮድ መዝገብ ነው፤ በአጭር መልእክትም እያንዳንዱ ፊደል 16 ቢት ስለሚወስድ 70 ብቻ ይገባል። ስለዚህ መልእክቱ በየትኛው ሠንጠረዥ እንደሚነበብ የሚናገር ምልክት አብሮት መጓዝ አለበት፤ ይኸውም ለላቲኑ 0፣ ለዩኒኮዱ 8 ነው። አኀዞቹ በሁለቱም ሠንጠረዦች ስላሉ ከጥፋት ተረፉ፤ ቃሉ ግን ጠፋ።

እንግዲህ በሽታውን በምልክቱ እንለየው።

የጥያቄ ምልክት ከታየ፣ አንዱ ፕሮግራም ፊደሉን ወደ ላቲን ሠንጠረዥ ሊለውጥ ሞክሮ ስላጣው «?» ተክቶበታል ማለት ነው። እንዲህ የሆነውን መልእክት ማንም የስልክ ጠጋኝ አይመልሰውም። መድኃኒቱ በላኪው እጅ ነው፤ መጀመሪያ የላኪውን መዝገብ፣ ቀጥሎ መልእክቱን ለቴሌ የሚያስረክበውን ጌትዌይ መመርመር፣ ምልክቱም 8 መሆኑን ማረጋገጥ ነው።

ባዶ ሣጥን ከታየ ግን መልእክቱ ብዙ ጊዜ ደኅና ነው፤ ስልኩ የፊደሉ ቅርጽ ስለሌለው ነው። ወደ ሌላ ስልክ ቢተላለፍ ይነበባል።

ሦስተኛው፣ ነጥብና ጭረት ያለባቸው የላቲን ፊደላት ዝብርቅርቅ ነው። ዩቲኤፍ 8 በሚባለው አጻጻፍ አንዱ ፊደላችን ሦስት ባይት ስለሚሆን፣ እያንዳንዱን ባይት ለብቻው ፊደል አድርጎ የሚያነብ ፕሮግራም ይህን ያመጣል። የጃፓን ወይም የቻይና የሚመስል ጽሑፍ ከመጣ ደግሞ የባይቶቹ ተራ ተገልብጧል፤ የ«ሰ» ቁጥር 1230 ሲሆን ቢገለበጥ 3012፣ ማለት የጃፓን የፖስታ ምልክት ይሆናል። እነዚህ ሁለቱ ባይቶቹ እስካልጎደሉ ድረስ ወደ ቀድሞው ሊመለሱ ይችላሉ።

አንዳንዶች «ይህን ሁሉ ከመድከም በላቲን ፊደል መጻፍ ይሻላል፤ በዋጋም ይረክሳል» ይላሉ። እውነት ነው፣ ከ70 ፊደል ያለፈ መልእክት በየ67ቱ ተከፍሎ ይላካል፤ ሒሳቡም በዚያው ይጨምራል። ነገር ግን «ሰላም» በላቲን አምስት ፊደል ሲፈጅ በእኛ ሦስት ነው፤ ስለዚህ ልዩነቱ 160 እና 70 የሚለውን ያህል አይሰፋም። ደግሞስ የሰባተኛዋ እናት ላቲኑን ማን ያነብላቸው?

ነገ በየመሥሪያ ቤቱ ይህን ሥራ የምንረከበው እኛው ነን። ለሺህ ሰው ከመላካችን በፊት «ሰላም» የሚለውን አንድ ቃል ወደ አንድ አሮጌ ስልክ እንላክ። ደኅና ከደረሰ እንቀጥል፤ ካልደረሰ ግን ጥፋቱ የአንባቢው ሳይሆን የእኛ መሆኑን እንወቅ።