የቢጫው ሂሳብ

አንድ አሽከርካሪ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር እየነዳ ነው። ማቆሚያው መስመር ላይ ለመድረስ 40 ሜትር ያህል ሲቀረው አረንጓዴው ጠፍቶ ቢጫው በራ። ፍሬን ይያዝ ወይስ ነዳጅ ይስጥ? በመስተዋቱ ቢያይ አንድ ሚኒባስ ከኋላው ተጠግቶታል። ይህን ሁሉ አገናዝቦ የሚወስንበት ጊዜ ከአንድ ሰከንድ ብዙም አይበልጥም። መስመሩን ሳያልፍ ቀይ ቢበራበት አብዛኞቻችን ጥፋቱን ያለ ማመንታት በእሱ ላይ እንጭናለን። እኔ ግን ከመፍረዳችን በፊት ቢጫው ስንት ሰከንድ እንደቆየ እንለካ ባይ ነኝ።

ሂሳቡ ከባድ አይደለም። ዓይን መብራቱን አይቶ፣ አእምሮ ወስኖ፣ እግር ፍሬን ላይ እስኪያርፍ አንድ ሰከንድ ይፈጃል እንበል። በ50 ኪሎ ሜትር ፍጥነት መኪናው በዚህች ሰከንድ ብቻ 14 ሜትር ይሄዳል። ከዚያ ተሳፋሪ ሳይንገላታ ፍጥነቱ በየሰከንዱ በሰዓት 11 ኪሎ ሜትር ያህል እየቀነሰ ቢመጣ፣ ለመቆም ሌላ 32 ሜትር ያስፈልገዋል። በድምሩ 46 ሜትር መሆኑ ነው። ቢጫው 3.3 ሰከንድ የሚቆይ ከሆነ ደግሞ መኪናው ፍጥነቱን ሳይለውጥ በዚያ ጊዜ ውስጥ እነዚያኑ 46 ሜትሮች ይጓዛል። ስለዚህ ከ46 ሜትር በላይ የራቀ በእርጋታ ይቆማል፤ ከዚያ የቀረበ ያለ ችኮላ መስመሩን ያልፋል። የእኛ አሽከርካሪም ማለፍ ይችል ነበር።

አሁን ቢጫውን ወደ 2.5 ሰከንድ እናሳጥረው። መኪናው በዚያ ጊዜ የሚጓዘው 35 ሜትር ብቻ ነው። በ35 እና በ46 ሜትር መካከል ያለ ሰው በእርጋታ መቆምም፣ በያዘው ፍጥነት ማለፍም አይችልም። ጎማው እስኪጮህ ፍሬን ቢይዝ ሊቆም ይችል ይሆናል፤ ከኋላ የተጠጋው ሚኒባስ ግን በዚያው ልክ መቆሙን ማን ያረጋግጥለታል? ነዳጅ ቢሰጥ ደግሞ ከጎን አረንጓዴ በርቶለት ከሚነሳው ጋር ሊጋጭ ነው። ይህ ሰው ሕግ ለመጣስ አላሰበም፤ መብራቱ ሊፈጸም የማይችል ትእዛዝ ሰጠው እንጂ።

ይህን ወጥመድ በሂሳብ ያሳዩት ዴኖስ ጋዚስ፣ ሮበርት ኸርማንና አሌክሲ ማራዱዲን ናቸው። ጥናታቸው ከጄኔራል ሞተርስ የምርምር ማዕከል እ.ኤ.አ. በ1960 ወጣ። ኸርማን ከራልፍ አልፈር ጋር ሆኖ ጽንፈ ዓለም ከተወለደበት ታላቅ ፍንዳታ የቀረ ጨረር በጠፈር ውስጥ መኖር እንዳለበት በ1948 የተነበየ የፊዚክስ ሊቅ ነው። እንዲህ ያለ አእምሮ ጊዜውን ለመንገድ መብራት መስጠቱ ደስ ይለኛል፤ ጥያቄው የሰው ሕይወት ያለበት ነውና።

ቢጫው በትክክል ቢሞላም እንኳ የሰው ጠባይ ጣጣ አለው። መስመሩ ላይ ለመድረስ ከ2.5 ሰከንድ በታች የቀረው አሽከርካሪ አብዛኛውን ጊዜ ያልፋል፤ ከ5.5 ሰከንድ በላይ የቀረው አብዛኛውን ጊዜ ይቆማል። በመካከል ያሉት ግን ሐሳባቸው ይለያያል፤ በ50 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ይህ ከ35 እስከ 76 ሜትር ያለው ርቀት ነው። ተከታትለው ከሚመጡ ሁለት መኪኖች የፊተኛው «ልቁም»፣ የኋለኛው «አብረን እናልፋለን» ያሉ እንደሆነ ግጭቱ እዚያው ይፈጠራል። ቀይ የሚጥሱትን ፎቶ የሚያነሳ ካሜራ በተተከለባቸው መንገዶች ከጎን መግጨት ቀንሶ ከኋላ መግጨት የጨመረው በዚሁ ምክንያት ነው።

አስቀድሞ ማስጠንቀቅስ? እስራኤል የሚኖሩ አንባቢዎቻችን ከቢጫው በፊት ብልጭ ድርግም የሚለውን አረንጓዴ ያውቁታል። ለአሽከርካሪው የማሰቢያ ጊዜ ይሰጠዋል ተብሎ የታሰበ ነው። እዚያው አገር የተደረገ ጥናት ግን አሽከርካሪዎች የሚለያዩበትን ርቀት እንዳሰፋው አሳየ። ጠንቃቃው ገና ከሩቅ ፍሬን ይይዛል፣ ቸኳዩ ነዳጅ ይጨምራል። ጊዜ መጨመር ስምምነትን አላመጣም።

መንገዱ ቁልቁል ሲሆን ሂሳቡ ይለወጣል። በ100 ሜትር 6 ሜትር በሚወርድ መንገድ፣ ያው የ50 ኪሎ ሜትር መኪና ለመቆም 54 ሜትር ይፈልጋል፤ ቢጫውም ከግማሽ ሰከንድ በላይ መርዘም አለበት። ከእንጦጦ ሥር ወደ ደቡብ እየወረደች በተዘረጋችው አዲስ አበባ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ፍጥነትም እንዲሁ ነው። ለ50 በተሞላ ቢጫ ላይ በ70 የሚመጣ ሰው ለመቆም 82 ሜትር ያስፈልገዋል፤ በ3.3 ሰከንድ የሚጓዘው ግን 64 ሜትር ነው። በመካከል ያለውን የ18 ሜትር ወጥመድ የቆፈረው ራሱ ነው፤ እዚህ ላይ ለአሽከርካሪው ጥብቅና አልቆምም።

የእነ ጋዚስ የ1960ው ቀመር ራሱ አንድ ጉድለት እንዳለው ያሳየው የትራፊክ መሐንዲስ ያልሆነ ሰው ነው። በአሜሪካ ኦሬገን ግዛት፣ ቢቨርተን የሚኖረው የኤሌክትሮኒክስ ባለሙያ ማትስ ያርልስትሮም፣ ባለቤቱ በ2013 ቀይ ጥሰሻል ተብላ በካሜራ ስትቀጣ ቢጫውን ያጠና ጀመር። ቀመሩ የሚያውቀው በያዘው ፍጥነት ቀጥ ብሎ የሚያልፍን መኪና ነው። የሚታጠፍ ሰው ግን መሪውን ከማዞሩ በፊት ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ስለዚህ መስቀለኛው መንገድ ለመግባት ረዘም ያለ ጊዜ ይወስድበታል። በሕግ አግባብ በጥንቃቄ የነዳው ሰው ነው እንግዲህ ቀይ የሚበራበት። ማራዱዲንም ቀመራቸው ለሚታጠፉ መኪኖች የተሠራ አለመሆኑን መስክሮለታል።

የግዛቱ የመሐንዲሶች ፈቃድ ሰጪ ቦርድ ግን ያለ ፈቃድ የምሕንድስና ሥራ ሠርተሃል ብሎ 500 ዶላር ቀጣው። ያርልስትሮም በ2017 ክስ መሠረተ፤ በ2018 መጨረሻ የፌዴራል ፍርድ ቤት ፈረደለት። በ2020 የአሜሪካ የትራንስፖርት መሐንዲሶች ማኅበር የሚታጠፉትን የሚጨምረውን የእሱን ቀመር በመመሪያው ውስጥ አስገባ። መመሪያው ምክር እንጂ አስገዳጅ ሕግ ስላልሆነ፣ በየመስቀለኛው መንገድ ቢጫው ስንት ሰከንድ እንዲቆይ የሚወስነው አሁንም የየከተማው መሐንዲስ ነው።